ባለ 3000 ዋቱ አምፕሊፋየሬ ዳገት ላይ ይዘጋል፤ ከሰብዉፈሬ ጋር አልተስማማም እንዴ?

ቪትዝ_ድሬ፦

ሰላም ለናንተ ይሁን። የድሬ ልጅ ነኝ፣ ሰፈሬ ከዚራ፣ መኪናዬ ቪትዝ ናት። ስለ መኪና ሳውንድ የሚያውቅ ካለ አንድ ነገር ልጠይቅ።

ያለኝ ዕቃ ይኸው። የፊት በሮቹ ላይ 6.5 ኢንች ስፒከር አለ፤ ጀርባው ላይ 60 ዋት አርኤምኤስ፣ 4 ኦህም ይላል። ከኋላ 12 ኢንች ሰብዉፈር፣ የቤዝ ስፒከር ማለት ነው፣ አለ። እሱ ደግሞ 300 ዋት አርኤምኤስ፣ «4+4 ኦህም» ነው የሚለው፤ የሽቦ መግቢያው አራት ነው። አምፕሊፋየሩ ባለ አራት ቻናል ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ 3000 ዋት ተብሎ ተጽፏል። ሁለቱ ቻናሎች ለበሮቹ ናቸው፣ የቀሩት ሁለቱ ተጣምረው ለዉፈሩ ታስረዋል። ያሰረልኝ አንድ የማውቀው ልጅ ነው።

ከተማ ውስጥ ዝቅ አድርጌ ስሄድ ሰላም ነው። ችግሩ ወደ ሐረር ስወጣ ነው። የደንገጎን ዳገት ስጀምር ሙዚቃውም ከፍ ይላል፤ ዳገትና ሙዚቃ መቼም አይነጣጠሉም። ከዚያ ድንገት ጸጥ! አምፑ ላይ ቀይ መብራት ይበራል። አጥፍቼ ሳበራው ይመለሳል፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ያው። አምፑን ብትነኩት እጅ ይፈጃል።

ሰው ስጠይቅ አንዱ «3000 ዋት ለ300 ዋት ዉፈር በዝቷል፣ ትንሽ ግዛ» ይላል። ሌላው «አንሶ ነው የሚግለው፣ 5000 የሚለውን ግዛ» ይላል። ኧረ አቦ ማንን ልመን? ገንዘቤን ሳልበትን ንገሩኝ።


ሚኪ_ገንደቆሬ፦

ቀላል ነው ወንድሜ። አምፕ ሁሌም ከስፒከሩ ማነስ አለበት። አምፑ ካነሰ ስፒከር አይቃጠልም። እኔ ባጃጄ ላይ እንደዛ ነው ያደረግኩት፣ ምንም አልሆነም። 3000ውን ሽጥና 300 የሚል ግዛ። አለቀ።


ጋሽ_ቴስተር፦

ሚኪ፣ አላለቀም። ገና አልተጀመረም።

ቪትዝ፣ ስማኝ። እኔ በዚህ ሥራ የቆየሁ ሰው ነኝ። ሐረር ላይ ፔጆ 404 ታክሲ ስጠግን ነው የጀመርኩት፤ የዚያን ጊዜ ቴፕ ያለው ሰው ሀብታም ነበር። ካርቶን ላይ የሚጻፍ ዋት አላነብም። ካርቶን የሚጻፈው ለገዢ ዓይን ነው። 3000 የሚሉት አምፑ ለቅጽበት ይሰጠዋል ብለው የሚመኙትን ነው። አንተን የሚመለከትህ አርኤምኤስ የሚባለው ነው፤ ሳያቋርጥ፣ ሳይግል ሊሰጥ የሚችለው ማለት ነው። እሱ ካልተጻፈ ደግሞ ፊውዙን አይ። ፊውዝ አይዋሽም።

ሥራ ልስጥህ። አንደኛ፣ አምፑ ጎን ላይ ያለው ፊውዝ ስንት ቁጥር ነው? ስንት ፍሬ ነው? ሁለተኛ፣ ዉፈሩ ላይ ያሉት አራት መግቢያዎች እንዴት ነው የታሰሩት? ሁለቱ ፖዘቲቭ አንድ ላይ፣ ሁለቱ ኔጋቲቭ አንድ ላይ ናቸው? ወይስ የአንዱ ኔጋቲቭ ከሌላው ፖዘቲቭ ጋር ተያይዟል? ሦስተኛ፣ ቴስተር ተዋስ። ከአምፑ ወደ ዉፈሩ የሚሄዱትን ሁለት ሽቦዎች ከአምፑ ላይ ፍታቸውና በኦህም ለካቸው። አምፑ ላይ እንዳሉ እንዳትለካ።

ይህን ሳታደርግ አንድ ብር አታውጣ።


ቪትዝ_ድሬ፦

እሺ ጋሼ፣ ታዝዣለሁ። ፊውዙ ሁለት ፍሬ ነው፣ 20 20 ይላል። ዉፈሩ ላይ ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭ ከኔጋቲቭ ነው የታሰረው። ቴስተሩ 1.7 አነበበ። ዉፈሩ 4 ኦህም አይደል እንዴ? ተበላሽቶ ይሆን?


ጋሽ_ቴስተር፦

ዉፈርህ ጤነኛ ነው። የታመመው አስተሳሰሩ ነው።

እየው። «4+4» ማለት ውስጡ ሁለት ጥቅል ሽቦ አለ፣ እያንዳንዱ 4 ኦህም ነው ማለት ነው፤ ኦህም ሽቦው ከረንቱን የሚቋቋምበት ልክ ነው። በቴስተር ስትለካ ሁሌም ከተጻፈው ትንሽ ያነሰ ነው የሚታየው፤ ባለ 4 ኦህሙ 3.4 አካባቢ ያነባል። ሁለቱን በፓራለል፣ ማለትም ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ ስታስር ግማሽ ይሆናል፤ 1.7 ያየኸው ለዚህ ነው። በስሙ 2 ኦህም እንለዋለን። በሲሪየስ፣ አንዱን ከሌላው አስከትለህ ስታስር ደግሞ ይደመራል፤ 8 ኦህም። ከዚህ ዉፈር 2 ወይ 8 ነው የምታገኘው። አራት አታገኝም፣ ብትጸልይም።

አሁን ወደ አምፑ። ሁለት ቻናል ሲጣመር ብሪጅ ነው የምንለው። ብሪጅ ላይ እያንዳንዱ ቻናል የሚሸከመው የዉፈሩን ኦህም ግማሽ ነው። አንተ 2 ሰጠኸው፣ ስለዚህ እያንዳንዱ ቻናል 1 ኦህም ነው የሚያየው። አብዛኛው ባለ አራት ቻናል አምፕ ለብቻው 2 ኦህም፣ በብሪጅ ደግሞ 4 ኦህም ነው የሚችለው፤ ከዚያ በታች ክልክል ነው። ስፒከሩ የሚታሰርበት ጋ በጥቃቅን ፊደል ተጽፎ ታገኘዋለህ፣ መነጽርህን አድርግ። ኦህሙ ሲወርድ ከአምፑ የሚወጣው ከረንት ይጨምራል። ዝቅ አድርገህ ስትሰማ ይታገሳል። ከፍ ስታደርግ ይግላል፣ ቀዩን መብራት አብርቶ ራሱን ያድናል። ባያድን ኖሮ ይህን ጊዜ ጭሱን ነበር የምታየው።

ዋቱን ደግሞ እንቁጠር። ሁለት 20 ፊውዝ 40 አምፔር ነው። ሞተር ሲሠራ ባትሪው 13.8 ቮልት አካባቢ ነው። 40 በ13.8 ስታባዛ 552 ዋት። ይህ የሚገባው ነው። ያንተ ዓይነቱ ክላስ ኤቢ አምፕ ከሚገባው ወደ ድምፅ የሚቀይረው ግማሹን ወይ ትንሽ በለጥ አድርጎ ነው፣ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ እውነተኛ አቅሙ በአራቱም ቻናል 300 ዋት ገደማ ነው። ለአራት ስታካፍለው 75። ይኸው 3000 ዋትህ።

በዛም አነሰም አትበል። ለበሮቹ በቂ ነው፤ 75 ለ60 ዋት ስፒከር ጥሩ ጋብቻ ነው። ለዉፈሩ ደግሞ ጥቅሎቹን በሲሪየስ እሰራቸው። አንዱን ኔጋቲቭ ወደ ሌላው ፖዘቲቭ በአጭር ሽቦ አገናኝ፣ የቀሩትን ሁለቱን ወደ አምፑ ውሰድ። ያኔ 8 ኦህም ይሆናል፣ እያንዳንዱ ቻናል 4 ያያል፣ በድምሩ 150 ዋት አካባቢ ይሰጥሃል። አይግልም። የሚያስፈልግህ አንድ ስንዝር ሽቦ ነው።


የሸዋ_በር_ልጅ፦

ጋሼ ከነገሩህ ላይ ልጨምር፣ ከሐረር ነኝ። ኦህሙ ተስተካክሎም የኤሌክትሪክ ሽቦው ቀጭን ከሆነ ያው ነህ። ከባትሪ ወደ ኋላ የሄደው ስንት ውፍረት ነው? ብዙ ሰው የቤት መብራት ሽቦ ነው የሚዘረጋው። 4 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ መዳብ 5 ሜትር ተዘርግቶ 40 አምፔር ቢሄድበት ወደ 0.9 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። 16 ካሬ ሚሊ ቢሆን 0.2 አካባቢ ብቻ ነው። ልዩነቱ ቤዙ ሲመታ የፊት መብራትህ ጥቅስ ጥቅስ ሲል ይታወቃል።

ሲገዙ አንድ ጫፍ በምላጭ ፋቅ አድርጋችሁ እዩት። ላዩ ቀይ ሆኖ ውስጡ ነጭ ከሆነ አሉሚኒየም በመዳብ የተቀባ ነው። አይሠራም አልልም፣ ግን አንድ ደረጃ የወፈረውን መውሰድ ግድ ነው። ገበያ ላይ የሚያምር ፕላስቲክ ለብሶ ውስጡ ክር የሚያህል ሽቦም አለ፤ ውፍረቱን በሽፋኑ አትገምቱ።

ባትሪው ጋ ያለው ፊውዝስ? ሽቦው ከባትሪው በወጣ በ45 ሳንቲ ሜትር ውስጥ መኖር አለበት። ይህ ለአምፑ አይደለም፣ ለመኪናው ነው። ሽቦው የሞተሩን ግድግዳ አልፎ ሲገባ ብረቱ ላጥ ካደረገው ፊውዝ ከሌለ የሚነደው ቪትዙ ነው።


ጋሽ_ቴስተር፦

ፊውዙን ስላነሳህ ተባረክ፣ እኔ ረስቼው ነበር። የማሳውንም ነገር ልጨምር። ኔጋቲቩ ቦዲው ላይ የሚታሰርበት ቦታ ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ መብለጭለጭ አለበት። ሽቦው አጭር፣ ውፍረቱ ከፖዘቲቩ እኩል። የወንበር ቀበቶ ብሎን ላይ የሚያስር ሰው አይቻለሁ፤ እሱን አትንካ፣ የነፍስ ብሎን ነው።


ሰሚራ_ሳቢያን፦

ሰላም፣ እኔ ኤሌክትሪካል ነው ያጠናሁት፤ ሚኪ ያለውን ሳልመልስ ማለፍ አልቻልኩም። «አምፑ ካነሰ ስፒከር አይቃጠልም» የሚባለው ልክ አይደለም። «ትንሽ አምፕ ስፒከር ያቃጥላል» የሚባለውም እንዳለ ልክ አይደለም። ስፒከር የሚያቃጥለው ከአቅሙ በላይ ለረጅም ጊዜ የሚገባው ኃይል ነው፣ ከየትም ይምጣ።

ነገሩ የሚሆነው እንዲህ ነው። አምፑ አቅሙ አልቆ እያለ ድምፁን አሁንም ከፍ ካደረግከው የሞገዱ ጫፍ ይቆረጣል። ድምፁ መሻከር ሲጀምር ማለት ነው። ጫፉ ሙሉ በሙሉ ተቆርጦ አራት ማዕዘን ሲሆን ኃይሉ ከንጹሁ ሞገድ እጥፍ ይደርሳል። ስለዚህ 75 ዋት የሚባል አምፕ እየጮኸና እየተሻከረ 150 ድረስ ሊሰጥ ይችላል። 60 ዋት ስፒከር ይህን ለግማሽ ሰዓት አይችልም። ሚኪ ባጃጅህ የተረፈው አምፑ ትንሽ ስለሆነ አይደለም፣ አንተ ስለማታስጮኸው ነው። ወይም ተሳፋሪዎችህ ስለማይፈቅዱልህ።

ቪትዝ ደግሞ 300 ዋት ዉፈር በ150 ብቻ ሊሠራ ነው ብለህ እንዳትከፋ። ኃይሉ በግማሽ ሲቀንስ ድምፁ የሚወርደው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ጆሮ የሚያውቀው ጥቂት ለውጥ ነው። ድምፁ እጥፍ ሆነ ብለህ እንድትሰማ ኃይሉ አሥር እጥፍ ገደማ መሆን አለበት። 5000 ያለውን ግዛ ያለህ ሰው ይህን ቢያውቅ ዝም ይል ነበር።


ሚኪ_ገንደቆሬ፦

እሺ አቦ፣ ሁላችሁም እኔ ላይ ወጣችሁ 😂 ተሳፋሪ ያልሽው ግን እውነት ነው። አንዷ እናት «ዋሪያ ዝቅ አድርገው» ብላ ትከሻዬን መታ አድርጋኛለች።


ቪትዝ_ድሬ፦

ሰሚራ አመሰግናለሁ፣ ጋሼም። በሲሪየስ አሰርኩት፣ አሁን 6.8 ያነባል። የኤሌክትሪክ ሽቦውን ፋቅ አድርጌ ሳየው ነጭ ነው፣ ቀጭንም ነው፤ እሱን እቀይራለሁ። ባትሪው ጋም ፊውዝ የለም! አሁን ጥያቄዬ ስለ ጌይን ነው። አምፑ ላይ ያለችውን የጌይን ቁልፍ እስከ መጨረሻው አዙሬያት ነው የነበረው፤ ድምፅ መጨመሪያ መስላኝ። ልክ ናት?


ጋሽ_ቴስተር፦

ድምፅ መጨመሪያ አይደለችም። ቴፑ የሚልከውን አምፑ ከሚቀበለው ጋር የምታስማማ ናት። ጥግ ድረስ ከተዞረች ቴፑን ትንሽ ስትነካው አምፑ ጣራ ይመታል፣ ሰሚራ ያለችው የሞገድ መቆረጥ ይመጣል።

እንዲህ አድርግ። ስፒከሮቹንም ዉፈሩንም ከአምፑ ፍታቸው። ቴፑ ላይ ያለውን ኢኳላይዘር ዜሮ፣ ሎድነሱን ዝጋ። አምፑ ላይ ያለውን የቤዝ ቡስትም ዝጋ፤ እሷ ነገር ሌባ ናት። 12 ዴሲቤል ስታነሳ አምፑን 16 እጥፍ ኃይል ነው የምትጠይቀው። ሞተሩን አስነሳ። የቴፑን ድምፅ ሦስት አራተኛ ላይ አድርግ፤ 40 ድረስ የሚሄድ ከሆነ 30 ላይ። ጌይኑን ወደ ዜሮ መልሰው።

ከዚያ ከኢንተርኔት የ50 ኸርዝ ድምፅ አውርድና በፍላሽ አጫውት። ቴስተሩን በኤሲ ቮልት የዉፈሩ መውጫ ላይ ያዝ። ቁጥሩ የሚገኘው ዋቱን በኦህሙ አባዝተህ ስኩዌር ሩት ስታወጣለት ነው። 150 በ8 ሲባዛ 1200፣ ሩቱ 34.6። ቴስተሩ 34 አካባቢ እስኪል ጌይኑን በትንሿ ጠመንጃ መፍቻ ቀስ እያልክ አዙር። ደርሶ ቀጥ ሲል አቁም። ከእንግዲህ አትንካት። ከዚያ ቁጥር በፊት መውጣቱን ካቆመ ደግሞ የአምፑ አቅም እዚያ አልቋል ማለት ነው፣ ትንሽ መልሰህ ተዋት።

ለበሮቹ 60 በ4፣ 240፤ ሩቱ 15.5። አምፑ 75 ቢችልም 60 ላይ ነው የምታቆመው፣ ስፒከሩ ነው ጌታው። የምታጫውተው ድምፅ 300 ኸርዝ ይሁን። 1000 የሚሉ አሉ፣ ግን ርካሹ ቴስተር ከ400 በላይ ሲሆን መሳሳት ይጀምራል።

በመጨረሻ ፊልተሮቹ። የበሮቹ ቻናል ኤችፒኤፍ፣ ቀጭኑን ድምፅ ብቻ የሚያሳልፈው፣ 80 ኸርዝ ላይ፤ የዉፈሩ ኤልፒኤፍ፣ ወፍራሙን ብቻ የሚያሳልፈው፣ 80 ላይ። የበር ስፒከሮች ከከባዱ ቤዝ ሲገላገሉ ሳይንተፋተፉ ከፍ ይላሉ። ብዙ ሰው «ስፒከሬ ደካማ ነው» የሚለው ይህችን ቁልፍ ስላልነካ ነው።


የሸዋ_በር_ልጅ፦

አምፑ የት ነው የተቀመጠው? ይህም ዋና ነገር ነው። የኛ ሐረር ንፋስ አለው፣ ድሬ ግን ቀትር ላይ የቆመ መኪና ምጣድ ነው። ሙዚቃ ሳይከፈት ራሱ አምፑ ሞቆ ነው የሚጠብቅህ።


ቪትዝ_ድሬ፦

የዉፈሩ ሳጥን ጀርባ ላይ ተበስቶ ነው የታሰረው፣ ከወንበሩ ጋር ተጣብቆ። ከላዩ ደግሞ ምንጣፍ አለ።


ጋሽ_ቴስተር፦

አየህ! ብርድ ልብስ አልብሰኸው ነዋ። አውጣው። ሹፌሩ ጎን ያለው ወንበር ስር ይገባል፤ ዙሪያውን አራት ጣት ያህል ክፍተት ይኑረው፣ ክንፎቹ ወደ ላይ ይሁኑ። ተገልብጦ አይታሰር፣ ሙቀቱ ወደ ሰውነቱ ይመለሳል። ሳጥኑ ላይም አትሰረው፣ ንዝረቱ ብየዳውን ይፈታዋል።

ከቴፑ የሚመጣውን የሲግናል ገመድ በአንድ ጎን፣ የባትሪውን ሽቦ በሌላው ጎን አስኪደው። አብረው ከሄዱ ነዳጅ ስትረግጥ የዲናሞው ፉጨት ስፒከሩ ላይ ይሰማሃል።

አንድ ደግሞ፣ በሮቹን ስትፈታ የስፒከሮቹን አቅጣጫ አረጋግጥ። የሪሞት ባትሪ፣ 1.5 ቮልት፣ ፖዘቲቩን ከፖዘቲቩ ነካ አድርገው። ወረቀቱ ወደ ውጭ ገፋ ካለ ልክ ነው። አንዱ ወደ ውጭ ሌላው ወደ ውስጥ ከሆነ ቤዙን እርስ በርስ ይበላሉ፣ አንተ ደግሞ አምፕ ፍለጋ ገበያ ትዞራለህ።


ቪትዝ_ድሬ፦

የግራው ተገልብጦ ነበር! ወላሂ አሁን ሌላ መኪና ሆነች። ሽቦውን ገና አልገዛሁም፣ እስከዚያ ዝቅ አድርጌ ነው የምሰማው።

ወደፊት ግን ሙሉ 300ውን ማግኘት ብፈልግ? ዉፈሩን ልቀይር ወይስ አምፑን?


ሰሚራ_ሳቢያን፦

ዉፈሩን አትቀይር። ለብቻው ባለ አንድ ቻናል፣ ክላስ ዲ የሆነ ጨምርለት። «300 ዋት አርኤምኤስ በ2 ኦህም» የሚል ፈልግ። ኦህሙ ያልተጻፈበት ዋት ዋጋ የለውም። ያኔ ዉፈሩን ወደ ፓራለል ትመልሰዋለህ፤ ቅድም ስህተት የነበረው አስተሳሰር ለዚያ አምፕ ትክክለኛው ነው። ክላስ ዲ ከሚገባው 80 ከመቶ ገደማ ወደ ድምፅ ስለሚቀይር ብዙም አይግልም፣ ለድሬ እሱ ነው የሚሻለው። አሁን ያለህ ባለ አራት ቻናል ለበሮች ብቻ ይሆናል፣ ሁለቱ ቻናል ለኋላ ስፒከር ይተርፋል።


ጋሽ_ቴስተር፦

የሰሚራ ልክ ነው። ግን ሽቦውም ለሁለቱ አምፕ በቂ መሆን አለበት፣ ድጋሚ መግዛት እንዳይሆንብህ ከአሁኑ ወፈር ያለውን ውሰድ። የቪትዝ ባትሪም ትንሽ መሆኑን አትርሳ። ሞተር አጥፍተህ በርጫ ላይ ሙዚቃ የምትከፍት ከሆነ ማታ በግፊ ነው የምትነሳው።


ሚኪ_ገንደቆሬ፦

ጋሼ፣ እኔንም እስኪ። ባጃጄ ላይ አራት ስፒከር አለ፣ ሁሉም 4 ኦህም። አምፑ ሁለት ቻናል ብቻ ነው። ሁለት ሁለቱን ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ አድርጌ ነው ያሰርኩት። ችግር አለው?


ጋሽ_ቴስተር፦

በየቻናሉ 2 ኦህም ማለት ነው። ከአምፑ ጀርባ «2 ኦህም ስቴሪዮ» የሚል ካለ ምንም የለውም። 4 ብቻ ካለ ሁለት ሁለቱን በሲሪየስ እሰራቸው፣ 8 ይሆናል፤ ድምፁ ትንሽ ይወርዳል፣ አምፑ ግን አይሞትም። ብሪጅ ግን እንዳትሞክር። ፊውዙን አይተህ ቁጥሩን ጻፍልኝ።